የምታስሮጠው ክኒንና ሌሎቹ፦ ለመገጣጠሚያና ለአጥንት ሕመም መድኃኒት ሲመረጥ

«ያቺን የምታስሮጠኝን ስጠኝ» አሉኝ።

ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ነው የመጡት። 56 ዓመታቸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ለቆመ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የምታስሮጠው ክኒን ትንሽ፣ ነጭና ርካሽ ናት፤ ስሟም ፕሬድኒሶሎን ነው። እሳቸው ማታ ውጠዋት ያድራሉ፤ ጠዋት ጣታቸው ይዘረጋል፣ ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ቡና ለቀማ ይወጣሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማልሰጥ ስነግራቸው «ሌላው ይሰጠኝ የለም እንዴ!» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ሲሰጣቸው ኖሯል።

ያን ቀን ግን ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ነበር። ከጀልባ ሲወርዱ አዳልጧቸው በእጃቸው ተደገፉ፤ አጥንቱ ተሰበረ። እንዲህ ያለውን አወዳደቅ ልጅ ቢወድቀው አቧራውን አራግፎ ይነሣ ነበር። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው የሦስት ወር ሕፃን አዝላለች፤ የሁለት እጇ ጣቶች ከሥራቸው አብጠዋል። ሰፈሩ «በአራስነቷ ብርድ ገብቷት ነው» ብሎ ፈርዷል። እናትም ከክኒናቸው ያካፍሏታል።

በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሲመረመሩ የሁለቱም በሽታ አንድ ሆኖ ተገኘ፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ። የታዘዘላቸው መድኃኒት ግን አንድ አልሆነም፤ እናትየውም ይህን እንደ አድልዎ ቆጠሩት። «ለእኔ የሚያሽለኝ ለልጄ እንዴት መርዝ ይሆናል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራኛል፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። በሽታ መርምሮ ስም ማውጣት የእኔ ሥራ አይደለም። ይህን ጥያቄ መመለስ ግን ሥራዬ ነው።

አጥንትን የሚያፈርሰው ማን ነው?

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ድንጋይ ያስበዋል። ይበልጥ የሚመስለው ግን የጭቃ ቤትን ነው፤ ያረጀው ምርጊት እየተቀረፈ እንደገና ይመረጋል። በአጥንት ውስጥ አፍራሽ ሴሎችና ገንቢ ሴሎች አሉ። አፍራሾቹ አንዱን ቦታ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቆፍረው ይጨርሳሉ፤ ገንቢዎቹ ያንኑ ጉድጓድ ለመሙላት ሦስትና አራት ወር ይፈጅባቸዋል። በአዋቂ ሰው ላይ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ አጥንት በዚህ መንገድ ይታደሳል። ቀራፊው ከመራጊው እንደሚፈጥን ልብ ይበሉ፤ ቀራፊዎቹ ከበዙ ግድግዳው ሳስቶ ይቀራል።

አፍራሾቹን የሚቀሰቅስ ራንክል የሚባል ፕሮቲን አለ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይህን ፕሮቲን በልጓም ይይዘዋል። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅኗ ይወርዳል፤ ልጓሙ ይላላል፤ ካረጠች በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ አጥንት ልታጣ ትችላለች። የወንድ አጥንትም የሚጠበቀው በሆርሞን ነው፤ የእሱ ግን የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ስለሆነ መሳሳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

የሩማቶይድ አርትራይተስ ነገር ሌላ ይመስላል። በዚህ በሽታ ከጀርም ሊጠብቁን የተሰለፉት ነጭ የደም ሴሎች የገዛ መገጣጠሚያችንን ሽፋን ባዕድ ነው ብለው ይወጉታል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይግላል። ውጊያው ግን በእብጠት አያበቃም፤ እነዚያው የመከላከያ ሴሎችና የታመመው ሽፋን ራሱ ራንክልን ያመነጫሉ። አዎ፣ ያንኑ ራንክል። ሆርሞን ሲጎድል የሚላላው ልጓም መከላከያው ሲሳሳት ደግሞ ይበጠሳል። ስለዚህም ሩማቶይድ ያለባት ያረጠች ሴት አጥንቷ የሚፈርሰው በሁለት እጅ ነው። አጥንትንና የመከላከያ ሥርዓትን አንድ ላይ የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ስም ያገኘው ገና በ2000 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሦስተኛ እጅም አለ። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች የሩማቶይድ ታማሚዎቹ ሲያረግዙ ሕመማቸው ጋብ እንደሚል አስተዋለ፤ በ1929 ደግሞ አንድ ታማሚ ዓይኑ ቢጫ በሆነ ጊዜ መገጣጠሚያው ሲሻለው አየ። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አንድ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። በመስከረም 1948 ከኩላሊት በላይ ባለችው እጢ የሚሠራውን ሆርሞን፣ ኮርቲሶንን፣ መራመድ ላቃታት የ29 ዓመት ሴት ሰጣት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴየስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፕሬድኒሶሎን የዚያው ሆርሞን የቅርብ ዘመድ ነው። የዘጌዋ እናት «የምታስሮጠኝ» ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ሆርሞን መከላከያውን ዝም ያሰኛል፤ በዚያው እጁ ደግሞ የአጥንት ገንቢዎችን ያዳክማል። ሄንችም ቢሆን ጉዳቱን ለማየት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም።

መጀመሪያ ስሙ ይለይ

በእኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ነው። ይህ መድኃኒት መምረጥን ከባድ ያደርገዋል፤ በአንድ ስም የተጠሩ አራትና አምስት በሽታዎች አንድ መድኃኒት የላቸውምና።

ጠዋት ሲነሡ ጣትዎ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በላይ አልታዘዝ ካለ፣ እብጠቱ በሁለቱም እጅ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ከሆነና ለሳምንታት ከቆየ ሩማቶይድን መጠርጠር ይገባል። በተቃራኒው ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይዞ የሚለቅ፣ በሥራና በደረጃ የሚብስ፣ በዕረፍት የሚሻል የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ማለቅ ነው፤ ለእሱ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው የመከላከያ ሥርዓት መድኃኒቶች አይጠቅሙም።

ሪህ በትክክለኛ ትርጉሙ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ክሪስታል ሲሠራና ነጭ የደም ሴሎች ሲቆጡበት የሚነሣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ብዙ ጊዜ በአውራ እግር ጣት ይጀምራል። እዚህም ሆርሞን አለበት፦ ኢስትሮጅን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወግድ ስለሚረዳ ያላረጡ ሴቶችን ሪህ እምብዛም አይዛቸውም። ስለዚህ የ30 ዓመት ሴት «ሪህ አለብሽ» ከተባለች ሁለተኛ አስተያየት ትጠይቅ። ለግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድን ከፍ እንደሚያደርጉም ይታወቅ።

የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ለሚመጡ አንድ ነገር ልጨምር። የአሶ ታይተር ምርመራ «ፖዘቲቭ» መሆን የሚያሳየው ሰውየው ከዚህ በፊት በአንድ የባክቴሪያ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ በጉሮሮ ሕመም፣ መያዙን ነው፤ ብቻውን የቁርጥማት ማረጋገጫ አይደለም። ሩማቶይድ ፋክተርም ቢሆን በሽታው ሳይኖር በጤነኛ ሽማግሌ፣ በጉበት ቫይረስና በሳንባ ነቀርሳ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። አንቲ ሲሲፒ የተባለው ምርመራ ይበልጥ የሚታመን ነው፤ ከተገኘ እሱን ማሠራት ገንዘቡን ያወጣል።

ምርጫ የሌላቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው ውስጡ መግል ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንጂ ክኒን አይታሰብም። የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ ይመርመር። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ትኩሳት እየሄደ እየመጣበት ወገቡን የሚያመው ሰው ከከብት የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስ ለሐኪሙ ያስታውስ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የምታስሮጠዋን ክኒን መዋጥ ቤት ሲቃጠል ጭስ እንዳይታይ መስኮት እንደ መዝጋት ነው።

ለሩማቶይድ፦ ፈጣኑ ወይስ ዘገምተኛው?

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ይቀንሳሉ፤ የአጥንቱን መበላት አያስቆሙም። ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ግፊት ያባብሳሉ፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲደረቡ ደግሞ የጨጓራ መድማት አደጋ ይከመራል። ለጥቂት ቀን ማስታገሻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅባቸው።

ፕሬድኒሶሎን ዋጋ የለውም አልልም። እንዲያውም ለጊዜው ተወዳዳሪ የለውም፦ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። የአጥንት መሳሳቱ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። በቀን 2.5 ሚሊግራም እንኳ ቢሆን ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱ መመርመር አለበት፤ ይህም የአንዲት ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ግማሽ ነው። ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል፣ ተኝቶ የነበረ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከሳምንታት በላይ የወሰደ ሰው ድንገት ማቆም የለበትም፤ የራሱ እጢ ሆርሞኑን መሥራት ረስታ ስለምትሰነብት ግፊቱ ወርዶ ሊዝለፈለፍ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ በትንሽ በትንሹ ነው።

የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን የበለጠ ያሳስበኛል። ሰው በሚሊግራም ቁጥሩ ይታለላል፦ 4 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ወደ 25 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይጠጋል። ስም ያልተጻፈበት የቁርጥማት ዱቄት በአንድ ሌሊት ካስነሣዎትም ውስጡ ያለው ሥር ብቻ ስለመሆኑ ይጠርጥሩ።

ሜቶትሬክሴት ዘገምተኛው ነው። ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ብዙ ሰው በአራተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ከርካሾቹ መካከል የተሳሳተውን መከላከያ አደብ አስይዞ አጥንት መበላቱን የሚገታ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ለዚህም በዓለም ዙሪያ የሩማቶይድ ሕክምና መነሻው እሱ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት መቅኔን አድርቆ ይገድላል፤ በዚህ ስሕተት ሰው የሚሞተው ደግሞ መድኃኒቱን አምኖና አክብሮ እየወሰደ ነው። እኔ ለሰው ስሰጥ ቀኑን በአማርኛ ጽፌ፣ አስነብቤ፣ ማንበብ ለማይችል አስደግሜ ነው። አብሮት ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል፤ እሱ የሚወሰድበትን ቀን ሐኪሙ ይለያል።

ሜቶትሬክሴት ሌላም ጥያቄ ያስነሣል። ጉበት ይነካል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስ ምርመራ፣ ከጀመሩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ፣ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ወሩ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ በባጃጅ የሚያልቅ ነው፤ ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው ግን የጀልባ፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ወጪ ነው። መድኃኒቱን ከመምረጥዎ በፊት ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ቀጠሮውን ከገበያ ቀንዎ ጋር ማገጣጠም ይቻላል፤ ምርመራውን መተው ግን አይቻልም። አረቄ ከሜቶትሬክሴት ጋር አይሆንም። ጠላም ቢሆን ለበዓል ቅምሻ እንጂ ለዘወትር አይደለም። ለሽንት ቧንቧ ወይም ለሳል ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም) ሲሰጥዎት ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደም የሚሠራውን መቅኔ ክፉኛ ይጎዱታል።

አሁን ወደ ልጅየዋ። ሰፈሩ ያየው ነገር ትክክል ነው፤ የሰጠው ምክንያት ነው የተሳሳተው። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኖቹ ከፍ ሲሉ መከላከያው ስለሚለዝብ ብዙዎቹ የሩማቶይድ ታማሚዎች ይሻላቸዋል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖቹ ይወርዳሉ፤ በቀጣዮቹ ወራት ሕመሙ ያገረሻል፣ ወይም ልክ እንደ እሷ ገና ይጀምራል። ብርድ አይደለም፤ በር በመዝጋትና በማላብም አይድንም። እሷ ታጠባለች፤ ወደፊትም መውለድ ትፈልጋለች። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ያበላሻል፣ ለምታጠባ እናትም አይሰጥም። ለእናቷ የተመረጠው ለእሷ መርዝ የሆነው በዚህ ነው።

ለእሷ ሁለት መንገድ ነበራት። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ለእርግዝናም ለማጥባትም ይሆናል፣ የደም ምርመራው ጫና ቀላል ነው፤ ኃይሉ ግን ከሜቶትሬክሴት ያነሰ ነው፣ ለመሥራትም ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መጠኑ በኪሎ ይለካል፤ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ ማለትም 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በአማካይ ከ250 ሚሊግራም። ለዓመታት ሲወሰድ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ላይና በኋላም በየጊዜው ዓይን መታየት ያስፈልጋል። ሰልፋሳላዚን ከእሱ ትንሽ ይበረታል፤ በእርግዝና ጊዜ ከፎሊክ አሲድ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ሰልፋ የሚያሳክከው ሰው ግን አይነካውም፣ ሆድም ይረብሻል። የእሷ ሐኪም ሃይድሮክሲክሎሮኩዊንን መረጠ፤ እሱ እስኪሠራ ድረስም ትንሽ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ለጊዜው ጨመረ። ያቺው ክኒን፣ አሁን ግን በልክና በጊዜ ገደብ።

ባዮሎጂክስ የሚባሉት መርፌዎች ከሁሉም ይበረታሉ፤ ብግነቱን የሚያስነሡትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ያግዳሉ። ዋጋቸው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው (መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው ያስብበት)፣ ከመጀመራቸውም በፊት የተደበቀ ነቀርሳ መፈተሽ ግድ ነው። ሜቶትሬክሴት በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ካልበቃ እንጂ ስለ እነሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

የወሊድ መከላከያውም የምርጫው አካል ነው

ይህን ሐኪምም ታማሚም ይረሱታል። ሜቶትሬክሴት የምትወስድና ልትወልድ የምትችል ሴት አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል። እኛ አገር ብዙዎቹ የሚመርጡት የሦስት ወሩን መርፌ ነው። መርፌው ኢስትሮጅንን ስለሚቀንስ እስከተወሰደ ድረስ የአጥንት ጥግግትን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። ለጤነኛ ሴት ይህ መርፌውን የሚያስጥል አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ለምትወስድ ሴት ግን በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀራፊ መላክ ነው። ለእሷ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሻላል፤ ሁለቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ የታወቁ አገልግሎቶች ናቸው።

ለሳሳው አጥንት

የእናትየው እጅ ጀሶው ተፈትቶ ቢድንም ጥያቄው አልተዘጋም። ከቆሙበት ወድቆ መሰበር ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ዳሌ ወይም አከርካሪ ሊሆን ይችላል። የአጥንት ጥግግት መለኪያ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች 2.5 (-2.5) ወይም ከዚያም ያነሰ ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። መለኪያው አልተገኘም ተብሎ ግን ሕክምናው አይዘገይም።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻውን በቂ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ምርጊት ያለ ጭቃ አይሆንም፤ ጭቃ ብቻ ግን ቀራፊውን አያስቆመውም። ካልሲየም በየቀኑ ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ከምግብና ከተጨማሪ ይጠራቀም፤ ሆኖም አጥንቱ ለሳሳ ሰው ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

አሌንድሮኔት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ባለ 70 ሚሊግራም ክኒን ነው፤ አፍራሽ ሴሎቹን ያደነዝዛል። አወሳሰዱ ጥብቅ ነው፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ሌላ ነገር ሳይቀምሱ። በቡና አይሆንም። በአምቦ ውኃም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ይይዘዋል። ለሚጾም ሰው ከክኒኖች ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው ማለት ይቻላል፣ ባዶ ሆድ ይፈልጋልና፤ ውኃ ግን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውኃ ጭምር የሚተውበትን ቀን አይምረጡ። ሲውጥ የሚያቃጥለው ወይም ተነሥቶ መቀመጥ የማይችል ሰው አይውሰደው። ኩላሊቱ የደከመም እንዲሁ።

ዞሌድሮኒክ አሲድ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር በቀስታ ይሰጣል። የመጀመሪያው ዙር አንድ ሁለት ቀን እንደ ጉንፋን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊያመጣ ይችላል። ከሩቅ ለሚመጣ፣ ክኒን ለሚረሳ፣ ጉሮሮው ለሚቃጠል ሰው ከአሌንድሮኔት ይልቅ እሱን እመርጥለታለሁ። ለሁለቱም የሚሆን ምክር፦ የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመርዎ በፊት ይነቀል፤ እምብዛም ባይሆንም መንጋጋ ላይ የማይድን ቁስል ሊያመጡ ይችላሉ።

ዴኖሱማብ ራንክልን በቀጥታ የሚያግድ መርፌ ነው፤ በየስድስት ወሩ ይሰጣል። ሐሳቡ ያምራል፤ ሆርሞኑም መከላከያውም የሚገናኙበትን ቦታ ነው የሚይዘው። እኔ ግን እዚህ ለአብዛኛው ሰው አልመክረውም። አንድ መርፌ በጥቂት ወር ቢዘገይ የታገደው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለቀቅና አከርካሪ ላይ ተከታታይ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። የሚቀጥለው መርፌ በጊዜው መገኘቱን ማረጋገጥ ካልቻሉ አይጀምሩት።

የኢስትሮጅን መተኪያ ሕክምናም አጥንት ይጠብቃል። በአሜሪካ ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2002 ከታሰበው ጊዜ በፊት የተቋረጠው የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋትና የስትሮክ አደጋ ስለጨመረ ነው፤ በዚያው ጥናት የዳሌ ስብራት ግን ቀንሷል። ዛሬ የሚታሰበው ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸውና የማረጥ ትኩሳት ለሚያስቸግራቸው ነው፤ ማሕፀን ያላት ሴት ፕሮጀስትሮን አብሮ ያስፈልጋታል። ለአጥንት ብቻ ብሎ መጀመር ግን አይመከርም።

እንቅርት ላለባቸው አንድ ቃል፦ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ አጥንት ይሳሳል። የታይሮይድ ክኒን የሚወስድ ሰው መጠኑን በደም ምርመራ ያስለካ፤ ካልሲየሙንም ከእሱ በአራት ሰዓት ያራርቀው።

ከክኒን ውጭ

በጣና ዙሪያ የሚበቅለው ዳጉሳ 100 ግራሙ ወደ 340 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ከስንዴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የድሀ እህል እያሉ ለአረቄ ብቻ ማዋሉ ያናድደኛል። ሊጡ ሲቦካ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ እንጀራው ከቂጣው ይሻላል። ወተት በማይበላበት ጾም ዳጉሳና ጤፍ፣ ከእነ አጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣም (ጾሙ ለሚፈቅድለት) ትልቅ ድጋፍ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ብስክሌት ለታመመ ጉልበት እጅግ ተስማሚ ነው፣ ክብደት ሳይጭን ያንቀሳቅሰዋልና። ለሳሳ አጥንት ግን ብስክሌት አይበቃም፤ አጥንት የሚጠነክረው የሰውነትን ክብደት ሲሸከም ስለሆነ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ሁለቱም ያለበት ሰው በብስክሌት ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ እዚያ በእግሩ ይዙር።

እናትና ልጅ በሁለተኛው ወራቸው ተመልሰው መጡ። የልጅየዋ ጣቶች ቀለበት ያስገባሉ። እናትየው ለሜቶትሬክሴት ሐሙስን፣ ለአሌንድሮኔት ማክሰኞን መርጠዋል። እሑድ ይሁን ብያቸው ነበር፤ «ቆራቢ ነኝ፣ እሑድ ውኃ በአፌ አይዞርም» አሉኝ። ክኒኖቹን በስም አይጠሯቸውም፤ የማክሰኞዋ «የአጥንቴ»፣ የሐሙሷ «የጣቴ» ናት። የምታስሮጠዋን ጠየቅኋቸው። ሐኪሙ እየቀነሰባቸው ቀን በቀን ግማሽ ላይ ደርሰዋል።

«ግማሿ ታራምዳለች እንጂ አታስሮጥም» አሉኝና፣ የተረፈውን ብልቃጥ ከልጃቸው ቦርሳ አውጥተው ወደ ራሳቸው ነጠላ ጫፍ ቋጠሩት።